በሩ አጠገብ የተሰቀለው መለኪያ

...ደግሞስ ጉንፋን ነው ተብሎ የለ፣ ጉንፋን ከሆነ ምን አስጨነቃት፣ አራት ሰው ታሞ፣ በጥሪ ማዕከሉ አንድ ረድፍ፣ በአንድ ወር፣ ሁለቱ የሳንባ ምች ተብለው ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ይሄ ጉንፋን ነው? ከየቤታቸው ይዘውት መጥተው ነው ይላል ሥራ አስኪያጁ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

መሐንዲሷ ሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ቆማለች፣ ቅጹ እጇ ላይ ነው። አዲሱ መመሪያ ግልጽ ነው፣ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ተብሎ አረንጓዴ ሰርተፊኬት ያገኘ ሕንፃ ሁሉ በሽታ እንዳያዛምት የውስጥ አየሩ ይፈተሽ፣ መሐንዲሱም ይፈርም። ፈርሚ እንጂ፣ ቁጥሩ ጥሩ አይደል እንዴ፣ ከሰዓት ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው ይወስዱታል፣ ብሏታል ሥራ አስኪያጁ ጠዋት።

ጥሩ ነው። በሩ አጠገብ የተሰቀለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ስድስት መቶ ይላል፣ የሰው ትንፋሽ ሲታፈን ነው ቁጥሩ የሚወጣው፣ ከሺህ በታች ጤና ነው፣ ግን እዚያ ያሰቀለው ማን ሆነና፣ ራሷ፣ መሃል ግድግዳው ላይ ነበር ቦታው፣ ሰው በሚተነፍስበት። እባክሽ እመቤቴ፣ ይሄን የጭቃ ልስን አትብሺብኝ፣ ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ፣ አላት የውስጥ ዲዛይነሩ፣ እሷም ይሉኝታ ይዟት ሳቅ ብላ እሺ አለች። እንግዲህ መለኪያው የሚስበው በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን የኮሪደር አየር ነው፣ ሁሉ ሰላም ይላል፣ አየር የሚያስገባው ማሽንም አምኖት ንጹሑን አየር ይቀንሳል፣ አርባ ሰው ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ እያወራ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የብብቷ ማን ሆነና፣ ተይ፣ አታስቢው።

ታስበዋለች። ታናሽ እህቷ ናት፣ ስልክ ከሚያነሱት አንዷ፣ የስድስት ወር እርጉዝ፣ ሥራውን ለምና ያስገባቻትም እሷው። ትፈራለች። ግን የእህቷ ወንበር በሩ ጋ ነው፣ ከታመሙት ረድፍ ሩቅ፣ እሱ ደህና ነው፣ እሱስ ደህና ነው። ብትናገር ሙያዋ ገደል ገባ። ባትናገርስ?

ትገባለች። የእጅ መለኪያዋን ይዛ በረድፎቹ መሃል፣ ሞቅ ያለ፣ የሚያምር ክፍል፣ የቀርከሃ ጣሪያ፣ አንዱም የማይከፈት መስኮት፣ ዘጠኝ መቶ፣ ሺህ አራት መቶ፣ በሩ ጋ እህቷ የለችም፣ የት ሄደች፣ ባዶ ወንበር፣ ባዶ ወንበር፣ ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ከባዶዎቹ ቀጥሎ እህቷ።

አንዴ ይጠብቁኝ ጌታዬ፣ ትላለች እህቷ ለደንበኛው፣ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ። እትዬ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?

ተነሺ፣ እንውጣ።

ወዴት?

ውጪ፣ አሁኑኑ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ወንበርሽ እዚያ አይደለም እንዴ?

ውይ፣ እሱን ነው? ሰዎቹ ከታመሙ ወዲህ እዚህ የሚቀመጥ ጠፋ፣ ሁሉም ሸሸ፣ እኔ ሳቅኩባቸው። አየሩን የሠራችው እህቴ ናት፣ እኔ እቀመጣለሁ አልኳቸው። ሰኞ ዕለት ነው የተዛወርኩት።

ሰኞ። ዛሬ ዓርብ ነው።