ሳሙና የተቀባው ምሰሶ

በዜላንድ ወደቦች ሁሉ፣ ውሃው ላይ በተዘረጋ ሳሙና የተቀባ ምሰሶ ተራምዶ ጫፉ ላይ ያለችውን ባንዲራ በመንጠቅ እኔን የሚያህል እንዳልተወለደ ዕድሜዬን ሙሉ አውርቻለሁ። ዘንድሮ በወደባችን በዓል ሚስቴን ያኮሚናን መረራት።

«ማሪኑስ፣ በል ውጣና አሳየን! ከወደቅህ ግን ስለዚህ ምሰሶ ሁለተኛ ትንፍሽ እንዳትል፤ ማልልኝ!»

«አንቺን ይንሳኝ!» ብዬ ወጣሁ። ገና አንድ እግሬን ሳሳርፍ ባሕሩ ተቀበለኝ።

ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ መሸጫው ጋ ጎረቤታችን «እንዴት ሆነ?» ሲላት፣ ያኮሚና «ወጣ፣ ወደቀ» ብላ ዓሣዋን ጎረሰች።

እኔ ውሃ እያንጠባጠብኩ ምላሴን ነከስኩ። ስወድቅ ውሃው ሁሉ ተረጭቶ ወደቡ ለአፍታ ደርቆ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ መቀመጣቸውን እንግዲህ ማን ይናገር? ያን የመሰለ አወዳደቅ በሁለት ቃል ባከነ!