የእሁድ ሕዋሳት

የምርምር ተማሪዋ ችኮ ከጋሼ ቆልፍ ጋር ዓይንና ናጫ ከሆነች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። እሱ የላቦራቶሪው አንጋፋ ቴክኒሺያን ነው፤ ማቀዝቀዣውንም መሳቢያውንም፣ ቢፈቀድለት ሰውንም ስለሚቆልፍ ተማሪዎች ያን ስም አወጡለት። የእሷን ስም ደግሞ ያወጣላት እሱ ነው፣ ገና በገባች በሳምንቷ። ሁለቱም ውሃ ቀጠነ ብለው የሚጣሉ ስለሆኑ ማን ጀመረው ብሎ መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

የችኮ ሥራ ከልብ ሕሙማን ቀዶ ጥገና ከተረፈ የደም ሥር የውስጠኛውን ሽፋን ሕዋሳት አራብቶ፣ በስስ መስታወት ላይ አስቀምጦ፣ በላያቸው በፓምፕ ፈሳሽ ማስኬድ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ የብግነት ጂኖችን የሚከፍት አንድ ጠበኛ ፕሮቲን አለ። ሕዋሱ ሰላም ሲሆን ታስሮ ከኒውክለሱ ውጭ ይቀመጣል፤ ሕዋሱ ሲጨነቅ እስሩ ይፈታና ኒውክለሱ ውስጥ ዘው ይላል። ችኮ ይህን ፕሮቲን አረንጓዴ ታቀልመዋለች። ኒውክለሱ ጨለማ ከሆነ ሰላም፣ አረንጓዴ ካበራ ጠብ ነው። ፈሳሹ ሳያቋርጥ እኩል ሲፈስ ሌላ አረጋጊ ፕሮቲን ይነሳና ጠበኛውን አደብ ያስገዛዋል፤ የመስኩ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንን ነው።

የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ ግን አይደለም ትላለች። በሙያው ስም ያተረፈችው "የእነዚህን ሕሙማን ሕዋስ እኩል ፍሰትም አያረጋጋውም" ብላ ጽፋ ነው። የችኮም ውጤት ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ እንዳለችው፣ አረንጓዴ ነው። እሁድ እሁድ ግን ጨለማ። አስራ አራት እሁድ ሠራች፤ አስራ አራቱም ጨለማ።

"የእሁዱን ጣይው" አለቻት ዶክተሯ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት። "የሚቆጣጠርሽ ሰው ሲጠፋ ተዝረክርከሽ ሠርተሽ ነው። በወሩ መጨረሻ መመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ ፊርማዬን ከፈለግሽ እሁድ የሚባል ነገር እንዳላይ።"

የችኮ ደም ፈላ። ጥርሷን ነክሳ "እሺ" ብላ ወጣች። ችኮን የሚያውቅ ሰው ቢሆን በዚያ እሺ ብቻ ይጠረጥር ነበር።

በሥራ ቀን እንጂ እሁድ የማይመጣው ጋሼ ቆልፍ ነው። ማክሰኞ ለምሳ ሌላው ሁሉ ሲወጣ እሷ ከሚዛኑ ክፍል መስታወት ጀርባ ቀረች። ጋሼ ቆልፍ የምሳ ዕቃውን ከፈተ፣ ጋዜጣውን ዘረጋ፣ ከዚያም እጁን ሰደድ አድርጎ ፓምፑን አጠፋ።

"እጅ ከፍንጅ ያዝኩዎት" አለች ብቅ ብላ።

እሱ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይቸኩል አላመጠ። "ምሳዬን ስበላ ነው የያዝሽኝ።"

"የሦስት ዓመት ልፋቴን እየገደሉ ምሳ ይወርድልዎታል? ፍሰቱ ሲቆም እኮ ሕዋሳቱ ይሸበራሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ሳነሳቸው የማየው ይህንኑ ሽብር ነው።"

"ማረፍ ያሸብራል? አንቺን ቢሆን ይገባኛል።"

"ለዶክተሯ እነግራለሁ።"

"ንገሪያት። ያዘዘችኝ እሷ ናት። ተማሪ ሳለች በፓምፑ ጩኸት ራሷን እያመማት፣ ምሳ ሰዓት ላይ አጥፉልኝ አለችኝ። አጠፋሁ። ሰው ከምሳ ሳይመለስ አበራዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ተው ያለኝ የለም።"

ችኮ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ያ ሁሉ የዶክተሯ ዝና የምሳ ሰዓት ጸጥታ ነበር። ሕዋሳቱ ምንም ጉድለት አልነበራቸውም።

ዶክተሯ ሁለቱንም ቢሮዋ አስቁማ ሰማች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች።

"ሪፖርት ጻፊ" አለቻት ችኮን። "ቴክኒሺያኑ ከዘንድሮ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ፓምፕ ሲያጠፋ ተገኘ በይ። ያኔ የእኔን የድሮ ጽሑፍ ማንም አይጠይቅም። ሥራሽን የምትደግሚበት ስድስት ወር አስጨምርልሻለሁ፣ ጽሑፍሽንም እፈርማለሁ። እርስዎ ደግሞ በማስጠንቀቂያ ይታለፋሉ፤ ዝም ካሉ ጡረታዎን ማንም አይነካም።"

ችኮ ይህን ሰው የምትጠላው ከአንጀቷ ነው። አሁን በአንድ ገጽ ልታዋርደው ትችላለች፣ ዲግሪዋም ምርቃት ሆኖ ይጨመርላታል። እውነቱን ከጻፈች ግን የሚፈርምላት የለም፤ ሦስት ዓመቷ ገደል ገባ ማለት ነው።

የላቦራቶሪው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጣ ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው ጻፈች። የእሁዱን ጨለማ፣ የሰኞውን አረንጓዴ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንዳጠፋ። ፓምፑ ሲጠፋ የኖረበትን ጊዜ ከዶክተሯ የመጀመሪያ ጽሑፍ ጀምራ ቆጥራ አስራ አንድ ዓመት አለች። ፈርታለች፣ ተናዳለችም፤ ዶክተሯ እንደ ዕቃ የምትገዛት መስሏት ነበር።

ጋሼ ቆልፍ ከኋላዋ ቆሞ አነበበ። "ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም።"

"እኔ እንደሆንኩ አልወድሽም።"

"እኔም አልወድዎትም። ዘወር ይበሉ፣ መብራት ከለሉኝ።"

ዘወር አላለም። መነጽሩን አደረገ፣ እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቀ፣ "አስራ አንድ ዓመት" የሚለውን ሰርዞ "አስራ ሁለት" ጻፈ። ከዚያም ከእሷ ስም ሥር "ምስክር" ብሎ፣ ሙሉ ስሙን አስፍሮ ፈረመ።

"ከእንግዲህ የምትጦሪኝ አንቺ ነሽ" አላት፣ እንደ ስድብ።