የዘይና ሌላው እግር

ከሚሴ ላይ ሦስት ሐኪሞች ተጋግዘን አንድ ክሊኒክ ከፈትን፤ ጀይሉ፣ ኢብራሂምና እኔ ረቢአ። መጠበቂያው አንድ፣ በሮቹ ሦስት። ታማሚ እኔ ዘንድ የፈለገውን ካጣ በሚቀጥለው በር ይገባል። የሚፈልገው ደግሞ መርፌ ነው። ሰንበቴ ገበያ በሬውን ሸጦ የመጣም ሆነ ከጨፋ ሮቢት በሚኒባስ ተጨናንቆ የደረሰ፣ ሳይወጋ ከወጣ የታከመ አይመስለውም። እኔ ለጉንፋን መርፌ አልወጋም። አልወጋም ካልኩ አልወጋም ነው።

ሰዉ «ውኃ ጠጡ የምትለዋ» ብሎ ስም አወጣልኝ። እሱ አልከፋኝም። ያስከፉኝ ባልደረቦቼ ናቸው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጀይሉ ጀመረኝ።

«ረቢአ፣ እንደ አገሩ ይኖሩ ሲባል አልሰማሽም? ቫይታሚንም ቢሆን ብትወጊው ምን አለበት? ደስ ብሎት ይሄዳል።»

«ደስ እንዲለው ከሆነ መንዙማ ልክፈትለት» አልኩት።

ኢብራሂም አልሳቀም። «ወይ እንደኛ ትሠሪያለሽ፣ ወይ ትወጫለሽ። እስከ ጁምዓ ወስኚ።»

የዚያን ክሊኒክ ግድግዳ በገዛ እጄ ነው የቀባሁት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ መሪማ የምትባል የጨፋ ሮቢት ሴት ትንሽ ልጇን አዝላ ገባች።

«አካም ጅርቱ፣ ዶክተር። ዘይናን ሳል ይዟት ነው፣ ይውጉልኝ» ብላ አወረደቻት። ልጅቷ ወደ እኔ ስትራመድ ቀኝ እግሯ መሬቱን ጠረገ።

«እግሯ ምን ሆነ?»

«ባለፈው ሲያስላት ዶክተር ጀይሉ ወጓት፤ ከዚያ ወዲህ ሰለለባት። ሳሉስ ለቋት ነበር፣ አልሀምዱሊላህ። አሁን በግራው ይሁንልኝ።»

ፊቷ ላይ ቅያሜ የሚባል ነገር የለም። የልጅቷን ደረት አዳመጥኩ፤ ንጹሕ ነው። እጇን ይዤ መጠበቂያው መሐል አቆምኳትና የሁለቱንም በር ደበደብኩ። ወጡ።

«ዘይናዬ፣ እስኪ ወደ ዶክተር ጀይሉ ሂጂ።»

ሄደች። ጫማዋ ሲጎተት ይሰማል። ጀይሉ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቷን ያዘ፤ መርፌው ነርቧን እንደጎዳው ወዲያው ገባው።

«ነገ ጁምዓ ነው» አልኩ። «እኔ ወስኛለሁ። አልወጋም፣ ከዚህም አልወጣም። እናንተ ወስኑ።»

ኢብራሂም ወለሉን አየ። መሪማ ግራ ተጋብታ ሦስታችንንም አፈራርቃ ተመለከተች።

«ታዲያ ማን ነው የሚወጋልኝ?»

ጀይሉ የዘይናን እግር እንደያዘ ቀና ሳይል መለሰላት።

«ማንም አይወጋትም።»