ሃ በል

አባቴ ወልደ ሚካኤል መጠጥ ካቆመ ወዲህ ቆቦ ውስጥ እንደሱ የተከበረ ሰው የለም። እኔ ዕድሜ ልኬን አንድ ጠብታ ሳልቀምስ ስኖር «አበጀሽ» ያለኝ ሰው አላስታውስም። እሱ ጸበል ገብቶ ጥቂት ወር ስለታገሰ ግን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «አባባ፣ ሚካኤል ያበርታዎ» እያለ በነጻ ያደርሰዋል። ወይ ጉድ! ሰውዬው ቤቱን ሲያፈርስ ዝም ብለው አዩት፤ ማፍረሱን ሲያቆም አጨበጨቡለት።

እኔ ተናኜ እባላለሁ። አስፋልቱ ዳር ቁርስ ቤት አለኝ። ጠዋት ፉል፣ ምሳ ሲሆን ሽሮና ጥብስ እሸጣለሁ፤ ቢራ አልሸጥም። ከዋጃና ከሮቢት የሚመጡ ሾፌሮች «ቢራ የሌለው ምግብ ቤት ምን ይሉታል?» ይሉኛል። «ምግብ ቤት ይሉታል፤ በሩ ላይ ተጽፏል፣ አንብበህ ግባ» እላቸዋለሁ። የምኖረው ከቁርስ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤት ነው። እዚያ ቤት መጠጥ ገብቶ አያውቅም። ጥርሴን ሲያመኝ እንኳን «አረቄ ያዥበት» ያሉኝን ሰዎች አባርሬያለሁ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ያለኝ ያ ቤት ነው፣ እሱም አይሸትም።

ልጅ ሳለሁ የቤታችን አፍንጫ እኔ ነበርኩ። ሌላው ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ ፍየል ይጠብቃል፤ የኔ ስራ ማሽተት ነበር። አመሻሽ ላይ አባቴ ብቅ ሲል እናቴ «ሩጪ፣ ሳሚው» ትለኛለች። ሮጬ አንገቱ ላይ እጠመጠምና አሸታለሁ። ጠላ ከሆነ ለእናቴ ራሴን እነቀንቅላታለሁ፤ እራት ታቀርባለች። አረቄ ከሆነ ጸጉሬን እነካለሁ። ያኔ እናቴ ወንድሜን አዝላ በጓሮ በኩል ወጥተን ጎረቤት እንገባለን። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ይቺ ልጅ አባቷን ስትወድ! እንዴት ሮጣ እንደምትስመው አያችሁ?» ይል ነበር። አቤት የሰው ማስተዋል!

በየወሩ በአስራ ሁለት ደግሞ መሮጥም አያስፈልግም ነበር። የሚካኤል ጽዋ ማህበርተኞቹ ራሳቸው ተሸክመው ያመጡታል። ደጃፋችን ላይ ያስቀምጡትና እናቴን «ቻይው፤ ነገ ሌላ ሰው ይሆናል» ብለዋት ይሄዳሉ። ይህችን ቃል አዘውትሮ የሚላት እንዳለው የሚባለው የአባቴ የልብ ወዳጅ ነው። ብሎ ሲያበቃ ጋቢውን ያስተካክላል፣ እየዘፈነ ይሄዳል። እናቴ ቻለችው። ችላ ችላ ሞተች።

እንግዲህ አባቴ ከጸበል ሲወጣ የሚወስደው ሰው ጠፋ፤ እኔ አስገባሁት። ለምን አስገባሽው አትበሉኝ፤ አባት ሜዳ ላይ አይጣልም ብዬ ነው። ግን ሕግ አወጣሁ። ከውጭ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ይቆማል። «ሃ በል» እለዋለሁ። «ሃ» ይላል። ጠጋ ብዬ አሸታለሁ፤ ከዚያ ይገባል። ያየ ሁሉ «ኧረ ተናኜ፣ ሽማግሌ አባት እንዲህ ይደረጋል? ነውር አይደለም?» ይለኛል። «እሺ፣ እናንተ ቤት ይደርና እናንተ አሽቱት» ስላቸው ሁሉም ስራው ትዝ ይለዋል።

በአፉ ብቻ አላበቃሁም። ጋቢውን አሸታለሁ፣ ትራሱን አሸታለሁ፣ ውሃ የጠጣበትን ኩባያ አሸታለሁ። ተኝቼ እንኳን ሲያስል ሳሉን አዳምጣለሁ፤ የሰካራም ሳል ነው ወይስ የጉንፋን? ጎረቤቴ ኢልሀም አንድ ቀን ፊቴን አየችና «ወላሂ ተናኜ፣ እሱ መጠጡን ተወው፤ የቀላው ዓይን ያንቺ ነው። ለማያውቅሽ ሰው የምትጠጪው አንቺ ነው የምትመስይው» አለችኝ። ተናደድኩባት። እውነት ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

በዚህ መሃል የጽዋው ተራ አባቴ ላይ ደረሰ። ማህበርተኞቹ ሊነግሩን መጡ፤ ከፊት የማህበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ አርአያ፣ ከኋላው እንዳለው። «እንኳን ለዚህ አበቃው፤ የዚህ ወር ጸበል ጸዲቅ እዚህ ቤት ነው» አሉ። አባቴ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ልጄ፣ በሞቴ፣ አታሳፍሪኝ» አለኝ።

«ይሁን» አልኩ። «ዳቦ እደፋለሁ፣ ወጥ እሰራለሁ። ጠላ ግን አይጠመቅም።»

እንዳለው ሳቀ። «ጽዋ ያለ ጠላ? ምን ልንጠጣ ነው፣ ሻይ?»

«ቀሪቦ» አልኩት። የኢልሀም ቀሪቦ በቆቦ የታወቀ ነው፤ ጌሾ የማይገባበት፣ የተቆላ ገብስና ስኳር፣ ለሠርግም ለመውሊድም የምትሰራው።

«የእስላም መጠጥ በሚካኤል ጽዋ!» አለ እንዳለው። ለሃይማኖቱ ሲቆረቆር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ገብሱ የማን ሃይማኖት ተከታይ እንደሆነ አልጠየቅኩትም» አልኩት። ሙሴው ሳቁን ዋጠና ቄሱን እንጠይቅ አለ። ቄሱም «ልባርከው እንጂ ምን ችግር አለው?» ብለው ገላገሉኝ።

በአስራ ሁለት ግቢዬ ሞላ። ቄሱ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። አቤት ያን ቀን የነበረው ፊት! ቀሪቦውን እየተጎነጩ ኮሶ የተሰጣቸው ነው የሚመስሉት። ሆኖም ጠጡ። ከዚያ ጨዋታ መጣ፤ ጨዋታቸው ደግሞ አባቴ ነው። ሆርማት ወንዝ ውስጥ ከነጫማው ተኝቶ የተገኘ ጊዜ፣ የሰው በሬ እየጎተተ «ይሄ የኔ ነው» ያለ ጊዜ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ወጥ እያወጣሁ እሰማለሁ። ከሆርማት የተመለሰ ዕለት የእናቴን ክንድ እንደሰበረ ማንም አላነሳም፤ ለካ የጨዋታው ክፍል አይደለም።

ድንገት የአረቄ ሽታ መጣ። ከምድጃው አጠገብ ሆኜ፣ በበርበሬውና በሽንኩርቱ መሃል ለይቼ አገኘሁት። ዞር ብል እንዳለው ከጋቢው ስር የሃይላንድ ውሃ አውጥቶ ክዳኑን ከፍቷል። ውሃ መሆኑ ነው እንግዲህ! «ለሚካኤል ክብር አንዲት ጉንጭ፤ አንዲት ጉንጭ ማንንም አልገደለችም» አለው አባቴን። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ማየቴን አየ። ከዚያ ጠርሙሱን አየና አነሳው፤ ጠጣ።

እግሬ ሊሮጥ ተነስቶ ነበር። በልጅነቴ ጠርሙስ ነጥቄ ደፍቼ የበላሁት ጥፊ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፤ እንዲያም ሆኖ እሮጥ ነበር። ያን ቀን ግን ሰለቸኝ። ተቆጥቼ ነው እንዳልል ቁጣ አልነበረም፤ ደክሞኝና ሰልችቶኝ ነው። ጭልፋውን አስቀመጥኩ፣ ክፍሉ ገባሁ፣ ፍራሹን ጠቀለልኩ፣ ብርድ ልብሱንና ከዘራውን ከላይ አሰርኩና በሩ ላይ አቆምኩት። ተመልሼ የቀረውን ወጥ አወጣሁ።

የሚለያዩበት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም ቆመ። በልማዱ አስተናጋጁ ቤት ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ባለተራ ያስረክባል። ባለተራው ማን ነው? እንዳለው! ሚካኤል ራሱ ተራውን ያወጣው ነው የመሰለኝ።

ጽዋውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሳመ፣ እልል ተባለ። ከዚያ ፍራሹን አምጥቼ እግሩ ስር አስቀመጥኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጋሽ እንዳለው፣ ጽዋውን ተረክበዋል፤ ጠጪውንም ይረከቡ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ዕድሜ ልክ አጠጥታችሁ እኛ ደጃፍ ላይ ነበር የምታራግፉት። እናቴ ተረከበች፣ አልቅሳ ተረከበች፣ ተሰብራ ተረከበች። ዛሬ ያጠጡት እርስዎ ነዎት፤ ቤትዎ ይውሰዱት።»

ሙሴው «ኧረ ስለ ሚካኤል፣ ልጄ!» አለ። «ስለ ሚካኤል ነው እንጂ፤ ማህበርተኛ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?» አልኩት። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መሬት መሬት አዩ። እንዳለው በቄሱ ፊት ጽዋ ታቅፎ «ወዳጄን አልወስድም» ይበል?

አባቴ እጄን ያዘ። «ተናኜ፣ አንዲት ጉንጭ እኮ ናት።»

«አይቻለሁ፣ አባዬ። አልነጠቅኩህም፣ አልጮህኩብህም። እዚህ ቤት ግን አታድርም።»

ወጡ። እንዳለው ጽዋውን፣ አቶ አርአያ ፍራሹን፣ አባቴ ከዘራውን ይዞ። ኢልሀም በአጥሩ በኩል እልል ልትል ስትል አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ያን ዕለት ተኛሁ። የማዳምጠው ሳል የለም፣ የማሸተው ኩባያ የለም። ጠዋት ሾፌሮች በሩን እየደበደቡ «ተናኜ፣ ሞተሻል እንዴ?» እስኪሉ ድረስ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀን በኋላ የእንዳለው ሚስት ብዙነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። «አፈር ስሆንልሽ፣ አባትሽን ውሰጂልኝ። የኔው ሰውዬ አንሶ ሁለት ሆኑብኝ። ሲጠጡ ይዘፍናሉ፣ ሲዘፍኑ ይጣላሉ፣ ሲጣሉ ዕቃዬን ይሰብራሉ።»

«ቻይው፣ እትዬ ብዙነሽ» አልኳት። «ነገ ሌላ ሰው ይሆናል።»

ቃሉን አወቀችው። ከማን አፍ እንደመጣም አወቀች፤ ለሷም ሲባል የኖረ ነገር ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች። አሳዘነችኝ፤ እንጀራ አቀረብኩላት፣ ሻይ ቀዳሁላት። «ካስመረሩሽ ሁለቱንም አስወጪያቸው» አልኳት። «ይቻላል እንዴ?» ብላ ቀና አለች። ሳቄ መጣ፤ እኔም እኮ ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። አባቴን ግን አልወሰድኩም።

በገበያው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ለምሳ ሽንኩርት እያቁላላሁ ሳለ አባቴ መጣ። ማንም አልተሸከመውም፤ ፍራሹን ራሱ ተሸክሞታል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። በሩ ላይ ፍራሹን አወረደና፣ ሳልጠይቀው፣ አፉን እንደ ጫጩት ከፈተ።

«ሃ» አለ።

ከምድጃው አልተነሳሁም።

«ነይ አሽቺኝ እንጂ። አልጠጣሁም። ብዙነሽ ካባረረችን ወዲህ አልቀመስኩም፤ ነይ አሽቺ።»

«አላሸትም።»

«ታዲያ መጠጣት አለመጠጣቴን በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠበቅኩም።

«ካልጠጣህ ክፍልህ ያውልህ» አልኩት። «ከጠጣህ ፍራሽህን እንዳመጣኸው ትመልሳለህ፤ መንገዱን ለምደኸዋል። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳሸትህ ኖሬያለሁ፣ በቃኝ። አፍንጫዬ ጡረታ ወጥቷል። አፍህን ዝጋና ግባ፤ ዝንብ ይገባብሃል።»

አፉን ዘጋ፣ ፍራሹን አነሳ፣ በአጠገቤ አለፈ። ሲያልፍ ጋቢው ትከሻዬን ነካኝ። ዞር አላልኩም።

ያን ቀን ጠጥቶ ይሁን ሳይጠጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሸተተኝ ሽንኩርቱ ብቻ ነው፤ አርሮብኝ ነበር። ደፋሁትና ሌላ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።