ኖኅ መድፍ አልነበረውም

መርከቧ ቡፌው ላይ ፎጣ ለብሳ ተቀምጣለች። ፎጣው ያኤል ፊቷን የምታብስበት፣ ሮዝ፣ ዳር ዳሩ የተተለተለ ፎጣ ነው። የጦር መርከብ በሮዝ ፎጣ! ጠላት ቢያያት በሳቅ ነበር የሚያልቀው።

ከፎጣው ሥር ግን ቀልድ የለም። ሆዷ ከዋንዛ ቁራጭ የተፈለፈለ፣ ሦስት ምሰሶ ያላት፣ በግራና በቀኝ ጎኗ መድፍ የደረደረች የድሮ ዘመን መርከብ ናት። ሞተር የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ በሸራና በነፋስ ብቻ እየሄዱ ይዋጉባቸው ከነበሩት ዓይነት፣ አንሳ አንሳ ክንድ የምታህል ሆና። መድፎቿ የእስክሪብቶ ጫፎች ናቸው። ግማሾቹ ከያኤል ቦርሳ ቀለማቸውን ሳይጨርሱ የጠፉ ናቸው፤ እሷ «ምርኮኞች» ትላቸዋለች።

የሠሯት የያኤል አያት ጋሽ ዳኜ ናቸው። ወጣት ሳሉ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ገመድ ላይ ይሠሩ ነበር። እዚያ መማሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የእንዲህ ያለች መርከብ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ አስተማሪው ሲያስረዳ ጋሽ ዳኜ ሥዕሉን እያዩ ገመዶቹን በዓይናቸው ይከተሉ ነበር አሉ፣ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚታሰር። ኋላ ባሕሩም ቀረ፣ ሥዕሉም ቀረ፤ ጋሽ ዳኜ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር መኖር ጀመሩ። ከመስኮታቸው የሚታይ ውኃ ቢኖር ማዶ ጣሪያ ላይ ያለው የጎረቤት ሮቶ ነው።

መርከቧን ቀስ እያሉ፣ ያኤል ጥርሷን ከምትነቅልበት ዘመን ጀምሮ፣ እዚህ አደረሷት። የቀራት ገመድ ብቻ ነበር። ባለፈው ገና ሰሞን ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሻይ ሙሉ መቅዳት ቀረ፣ ከዚያ ሸሚዝ መቆለፍ። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥታቸው «ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም» አለቻቸው። አንድ ቀን መርፌና ክር ይዘው ብዙ ታገሉ። ታገሉና ክሩን አስቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ተነሥተው ከመታጠቢያ ቤት ያገኙትን ፎጣ አምጥተው መርከቧን ሸፈኗት። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሮቶውን ማየት ሆነ ሥራቸው። አያቷ ጡረተኛ መሆናቸውን ያኤል ያወቀችው ያኔ ነው።

ማክሰኞ ምሳ ላይ፣ «ያኤሌ» አሉ፣ «መርከቧን እሑድ ኤልዳድ መጥቶ ይወስዳታል።»

ኤልዳድ የቤተ ክርስቲያናቸው የሕፃናት መምህር ነው።

«የት ነው የሚወስዳት?»

«ለልጆቹ ነዋ። የኖኅ መርከብ እያሉ ይጫወቱባታል።»

ያኤል የጎረሰችውን በግድ ዋጠች። «ኖኅ መድፍ ነበረው እንዴ አባባ?»

«መድፉን ይነቅሉታል።»

«ታዲያ በምን ሊተኩስ? በቀጭኔዋ አንገት?»

«ያኤል።»

ያለ ቁልምጫ ከጠሯት ቀልዱ አብቅቷል ማለት ነው። «ያላለቀ ነገር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያየኝ መኖር አልፈልግም» አሉና በግራ እጃቸው ቀኙን ጥርቅም አድርገው ያዙት፣ እንደሚያመልጥ ዶሮ።

ያኤል የእነኤልዳድን ክፍል ታውቀዋለች። ራሷ አድጋበታለች። ከዚያ ክፍል በሕይወት የወጣ መጫወቻ የለም። መርከቧ ሄደች ማለት ደግሞ አባባ መስኮቱ ሥር ቀሩ ማለት ነው፤ ለዘለቄታው፣ ከሮቶው ጋር ተፋጠው። ስለዚህ ሳህኑን ስታጥብ ወሰነች። ገመዱን እሷ ታስራለች።

ደግሞ ዝም ብላ አልተንጠራራችም። ሌሎች ልጆች ተረት ሲነገራቸው እሷ የጫማ ማሰሪያ ይዛ ቋጠሮ ነው የተማረችው። የጣት ሥራ ከሆነ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መካኒሳ አክስቷ ጤናዬ ጋ ሹሩባ ትሠራለች። ጤናዬ በሥራዋ ዋዛ አታውቅም፤ «ደንበኛዋ ዓይኗ ካልተሳበ አልሠራሽም! አጥብቂው!» እያለች ነው ያሠለጠነቻት።

ረቡዕ ከሰዓት ጋሽ ዳኜ የአረጋውያን ጸሎት አላቸው። በሩ እንደተዘጋ ያኤል ፎጣውን ገፈፈች። ክር አለ፣ መርፌ አለ፣ ሰም ግን የለም። ክሩ በሰም ካልታሸ ጸጉሩ ይቆማል፤ ገመድ መሆኑ ይቀርና የድመት ጭራ ይመስላል። እያሰበች ወደ አንደኛ ፎቅ ወረደች፣ ሀና ማርያም ከማይቀሩት ከእማማ ወርቅዬ ዘንድ።

«እማማ፣ ጧፍ ይኖርዎታል?»

እማማ ወርቅዬ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ጧፍ? አንቺ? የጴንጤዎቹ ልጅ?» ፊታቸው በራ። «ልትመለሺ ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ለመርከብ ነው።»

«ለምን?»

«አባባ ለሚሠሯት መርከብ። ገመዱን ላሽበት።»

እማማ ወርቅዬ ትንሽ ቅር አላቸው። ግን ገብተው አንድ እስር ጧፍ ይዘው ወጡ። «እንኪ። አንቺ እንቢ ካልሽ መርከቧ ትመለስ።»

ያኤል ቤት ተመልሳ መርከቧ ፊት ቁጭ አለች። የመርከብ ምሰሶ ብቻውን አይቆምም፤ ከጫፉ ተነሥተው ወደ መርከቧ ግራና ቀኝ ጎን የሚወርዱ ገመዶች ናቸው የሚይዙት። ጋሽ ዳኜ የገመዶቹ መጨረሻ የሚታሰርባቸውን ትንንሽ ዶቃዎች በሁለቱም ጎን አስቀድመው ተክለዋቸዋል። ያኤል መካከለኛውን ምሰሶ መረጠች፣ ረጅሙን። ክሩን በጧፉ አሸች፣ ከምሰሶው ጫፍ አወረደች፣ በቀኝ በኩል ካለው ዶቃ ጋር አሰረች። አጠበቀች። ሌላ ደገመች። አጠበቀች። እንዳይፈታ ቋጠሮውን ደርባ፣ በጥርሷ ሳብ አድርጋ። የቀኙን ጎን ስትጨርስ አንዱን ክር በጥፍሯ ነካችው፤ እንደ ክራር ጢን አለ። ጤናዬ ብታይ ታቅፋት ነበር።

ከዚያ ለማድነቅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

ምሰሶው ዘሟል። ትንሽም አይደለም። ታክሲ ውስጥ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ስልክ ለማንበብ እንደሚያጋድል ሰው፣ ወደ ቀኝ ተንጋዷል።

ቋጠሮውን ልትፈታ ሞከረች። የተደረበ፣ በሰም የታሸ ቋጠሮ! በጥፍሯ፣ በመርፌ፣ በጥርሷ፤ ወይ ፍንክች። ይሄኔ ከኋላዋ በሩ ተከፈተ። ሰባኪው ቀርቶ ኖሮ ጸሎቱ ቶሎ ተበትኗል።

ጋሽ ዳኜ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቆሙ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

«ማንም።»

«እኔን ያቃተኝ ላንቺ እንደማያቅትሽ ልታሳዪኝ ነው?»

ያኤል ምላሽ አጥታ አታውቅም። አስተማሪዎቿ ይመስክሩ። አሁን ግን አፏ ውስጥ ክር ብቻ ነው ያለው። ክሩን አወጣችው። «አይደለም አባባ። እንዳትሄድ ብዬ ነው። እሷ ከሄደች እርስዎ እዚያ መስኮት ሥር ሊቀሩብኝ ነው።» የመጨረሻዋን ቃል ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ተናደደችበት፣ ግን ተሰበረ።

ጋሽ ዳኜ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ሁለቴ ስተው በሦስተኛው አጠለቁት። አፍንጫቸው ምሰሶውን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አሉ። ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ያኤል የሚያለቅሱ መሰላት። ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነው።

«ይሄንን ማነው እንዲህ ያጠበቀው? ጤናዬ ናት?»

«እሷ ናታ ያስተማረችኝ...»

«ሚዜ ልትሆን ነው እንዴ መርከቧ? ዓይኗ ተስቦ እኮ ጆሮዋ ጋ ደርሷል!»

ያኤል እያለቀሰች ሳቀች፤ አፍንጫዋን በሮዙ ፎጣ ጠረገች።

«ስሚ» አሉ ወንበር እየሳቡ። «የሰው ራስ ቢጎትቱት አይዘምም። እንጨት ግን ይዘማል። ከቀኝ አንድ ካሰርሽ፣ ከግራ አንድ። ሁለቱ እኩል ሲጓተቱ ነው ቀጥ ብሎ የሚቆመው። በይ ቁረጪው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ቆረጠችው። የከሰዓቷ ልፋት ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጸጉር ፍርፋሪ ተበተነ። ጋሽ ዳኜ አዲስ ክር አነሡ፣ ሊያሳዩዋት። ክሩ ከእጃቸው ጋር አብሮ ተርበተበተ፤ ዶቃውን ሳተ። ደገሙ፣ ሳቱ። ክሩን ቀስ አድርገው አስቀምጠው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ያኤል ክሩን ምንም እንዳልተፈጠረ አነሣችው። «እጅማ አለን አባባ። የሚነግረን ነው የጠፋው።»

ነገሯት። ከቀኝ አንድ አሰረች፣ ከግራ አንድ፣ ለጊዜው ላላ አድርጋ።

«እኩል መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?»

«ድሮ በጣታችን ነበር የምንነካው። ጣት ይነግርሻል። አሁን የኔ ጣት የራሱን ወሬ እንጂ ሌላ አያወራም» አሉ፤ ግን የድሮው ልማድ አሸንፏቸው እጃቸውን ከኪስ አወጡና ጣታቸውን የቀኙ ገመድ ላይ አሳረፉ። ገመዱ ተንቀጠቀጠ። «አየሽ? ይበቃል፣ ልተወው።»

«አያንሱት!»

«ምን ሆንሽ?»

ያኤል ዓይኗን ከወዲያኛው ገመድ አልነቀለችም። የቀኙ ይንቀጠቀጣል፤ የግራው ግን ዝም ብሎ እንደተኛ ነው። የግራውን ክር ጫፍ ይዛ በጣም ጥቂት ሳብ አደረገችው። ምንም። ሌላ ጥቂት ሳበች። ድንገት የግራው ገመድም ተርገበገበ፣ ልክ እንደ ቀኙ፣ በዚያው ምት። ምሰሶው በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ተሻገረ» አለች በሹክሹክታ።

«ምኑ?»

«እጅዎ ነዋ! ወዲያ ማዶ ደረሰ። ላላ ሲል አይሻገርም፣ እኩል ሲሆን ይሻገራል።»

ጋሽ ዳኜ ግራውን አዩ። ቀኙን አዩ። ጣታቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት፣ እውነት መሆኑን ለማየት። ተሻገረ። ወንበራቸውን ወደ መርከቧ አስጠጉ።

«ሌላ እሰሪ» አሉ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ዓርብም። ቅዳሜ ጠዋት ጤናዬ ደወለች፤ «አንቺ! ደንበኛ ተሰልፎ የት ነሽ? አሞሻል?»

«አላመመኝም። ባሕር ኃይል ገብቻለሁ።»

«ምን?»

«በኋላ እነግርሻለሁ፣ እጄ ሰም ነው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኤልዳድ ባዶ ካርቶን ታቅፎ በሩን አንኳኳ። የያኤል እናት አስገባችው። መርከቧ ጠረጴዛው ላይ ናት፣ ፎጣ የለባትም። መካከለኛው ምሰሶ በግራና በቀኝ ገመዱን ዘርግቶ ቆሟል፤ የኋለኛው ምሰሶ ገና ራቁቱን ነው፤ ከፊተኛው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገመዶች ብቻ ወርደዋል።

«ኧረ ጋሼ፣ እንዴት ታምራለች!» አለ ኤልዳድ። «ልጆቹ እኮ የኖኅ መርከብ መጣች እያሉ እየጠበቁ ነው።»

ጋሽ ዳኜ ቀና አላሉም። ጣታቸው የፊተኛው ምሰሶ ገመድ ላይ ነው። «ኤልዳድ ልጄ፣» አሉ፣ «ኖኅ መድፍ አልነበረውም።»

ያኤል አፏን በፎጣው አፈነች። ኤልዳድ ካርቶኑን እንደታቀፈ አንዴ እሷን፣ አንዴ አያቷን አየ።

«ታዲያ ለልጆቹ ምን ልበላቸው?»

«ስታልቅ ይምጡና ይይዋት። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው።»

«መቼ ነው የምታልቀው?»

ጋሽ ዳኜ የቀሩትን ምሰሶዎች አዩ። «እንጃ። እኔስ ጊዜ አለኝ፤ ባልደረባዬ ናት ፈተና ያለባት» አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን እንደ አዛዥ ወፈር አድርገው፣ «ያኤሌ፣ ግራውን ሳብ!»

«ሳብኩ።»

«ተሻገረ?»

ያኤል አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

«ገና ነው አባባ። ጣትዎን አያንሱ።»