የኋላ ወንበር ብርድ

ባለታክሲው ሰውየውን ያወቀው ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከአራት ዓመት በፊት የተከራዩትን ክፍል ለአማቹ ፈልጎት የባለታክሲውን እናት ከነፍራሿ ዝናብ ላይ ያወጣ አከራይ ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ታገሰኝ ብላ ስትለምነው «ሰማይ ስር ቦታ ሞልቷል» ያላት እሱ ነው። ያን ቀን ደረቷ ውስጥ የገባው ብርድ እስካሁን አልወጣም፤ ስትስል ልጇ ከግድግዳው ማዶ ሆኖ ይሰማታል።

ሰውየው ግን አላወቀውም። እንዴት ብሎ ያውቀዋል? የተከራይ ልጅ ፊቱን ማን ያየዋል? ኋላ ወንበር ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠና ወደ እህቱ ቤት ውሰደኝ አለ። ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው። እሰይ፣ አለ ባለታክሲው በሆዱ።

ውጭው ያካፋል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የፊት መስታወቱ በትንፋሻቸው ጭጋግ ለበሰ። ባለታክሲው ኤሲውን ከፈተና እስከ መጨረሻው ቅዝቃዜ ላይ አደረገው።

«በዚህ ብርድ ኤሲ?» አለ ሰውየው።

«መስታወቱ እንዳይደፈን ነው ጋሼ። ኤሲ እርጥበቱን ይመጠዋል።»

እውነቱን ነው፤ ማንም ሾፌር ያውቀዋል። ከማሞቂያው ጋር አብሮ ቢከፈት ደግሞ መስታወቱም ይጠራል፣ ሰውም ይሞቀዋል። ይቺን ግማሿን ግን ዋጣት።

«ማሞቂያስ የለህም?»

«ተበላሽቷል።»

መስታወቱ ጠራ። ሰውየው መጀመሪያ ኮሌታውን ቀና አደረገ፣ ቀጥሎ እጆቹን ብብቱ ስር ከተተ፣ በመጨረሻም ወሬውን አቆመ። ባለታክሲው በመስታወት እያየው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የራሱም ጣቶች መሪው ላይ ደንዝዘዋል፤ ይደንዝዙ፣ ግድ የለውም። የሰውየው ከንፈር ሲጠቁር ልቡ ንገረው ንገረው አለው። «እናቴንም እንዲህ በርዷት ነበር» የሚለው ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሰውየው ግን አርጅቷል፣ እየተንቀጠቀጠም «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ይለዋል። ክፉ ሰው ክፉነቱን አይጨርስም እንዴ? ቃሉን መልሶ ዋጠው።

ሰውየው ሲወርድ «ማሞቂያህን አሠራና ነገ ጠዋት መጥተህ መልሰኝ፤ አነዳድህ ጥሩ ነው» አለው።

ባለታክሲው ቤት ገብቶ ለእናቱ ነገራት። ሳሏን ጨርሳ ሰማችው።

«በረደው?»

«ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር እማ።»

«እሰይ፣ የእጁን ነው። ለምን እንደሆነስ ነገርከው?»

«አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።»

«ታዲያ ምኑን ተበቀልከው? ይሄኔ እህቱ ቤት እሳት ዳር ቁጭ ብሎ መኪናህን እያማ ነው።»

ባለታክሲው አፈረ። ያን ሁሉ መንገድ ተንቀጥቅጦ ያተረፈው የራሱን ጉንፋን ብቻ ነው።

እናቱ ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «ነገ እኔም እሄዳለሁ። ኋላ፣ ከጎኑ ነው የምቀመጠው።»

«እሺ እማ። አንቺን ወፍራም ነገር አለብስሽና ኤሲውን...»

«ማሞቂያውንም ክፈትለት» አለችው። «አራት ዓመት ሙሉ ያስቀመጥኩለት ነገር አለኝ። ጥርሱ የሚንቀጫቀጭ ሰው ደግሞ አይሰማም።»