ሞተሩ ሲጠጣ ያየሁ ዕለት

ተረፋን ሌባ ብዬ ያባረርኩት ባለፈው ጥር፣ ነቀምቴ መናኸሪያ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። እኔ ሸዋጌጥ ስናደድ ድምፄን መቀነስ አላውቅበትም። ሚኒባሴን ስድስት ዓመት ነድቶልኛል። አንድ ሙሉ ታንከር ናፍጣ ከነቀምቴ አርጆ ከተማ ስድስት ጊዜ ያመላልሰው ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ግን ገና አራተኛውን ሲጨርስ መኪናዋ ባዶ ትሆናለች። ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ በሚዋልበት በዚህ ጊዜ ይህን ያህል ናፍጣ ወዴት ይሄዳል? እንደማንኛውም ባለመኪና አንድ መልስ ብቻ ታየኝ፤ ሾፌሩ እየቀዳ ይሸጣል።

ተረፋ አልተሟገተኝም። አልወሰድኩም አለና ቁልፉን አስረክቦኝ ሄደ። አለመሟገቱን እንደ ማመን ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ በከተማው ውስጥ መኪናውን አምኖ የሰጠው ሰው የለም።

በቦታው የእህቴን ልጅ አላዛርን ቀጠርኩ። የታንከሩን ክዳን በጓጉንቸር አስቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። የተቆለፈበት ናፍጣ ግን ያው አራተኛው ላይ አለቀ። መጀመሪያ አላዛርን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ጓጉንቸሩን የሸጠልኝን ሰው ጠረጠርኩ። በመጨረሻ ታንከሩ ያፈስ እንደሆን ብዬ አንድ ቀን ጠዋት ከመኪናው ስር ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ተኝቼ ሳለሁ ጎረቤቴ ኦቦ ጋሩማ አዩኝ።

ኦቦ ጋሩማ እዚሁ ባኬ ጃማ ሰፈር ከአጥሬ ማዶ የሚኖሩ፣ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው። በእግራቸው ሲሄዱ እንኳ ስለማይቸኩሉ ስንት ቀን አሹፌባቸዋለሁ። ጉዳዩን ስነግራቸው ሌባ መኖር አለመኖሩን በዓይንሽ አሳይሻለሁ አሉኝ። እኔም በልቤ ተረፋ ሌባ ሆኖ እንዲገኝ ለመንኩ። የሚያሳፍር ልመና ነው፤ ግን እሱ ንጹሕ ከሆነ እኔ ምን ልባል ነው?

የፊቱን ወንበር አነሱት፤ የዚች መኪና ሞተር ያለው እዚያ ስር ነው። ከታንከሩ የሚመጣውን ቱቦ ነቀሉና በምትኩ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ገጥመው ጫፋቸውን ናፍጣ በሞላበት የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ከተቱት። በአንዱ ሞተሩ ይጠጣል፣ በሌላው የተረፈውን ይመልሳል። መካኒኮች ሞተር ሲፈትሹ የሚያደርጉት ነገር ነው አሉኝ። ሃይላንዱን እኔን አስያዙኝ።

አስቀድመው፣ እኔ ሾፌሮቼን እንደማዝዘው እንደሚነዱ ነገሩኝ። ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ አርጆ ላለ ነጋዴ የምልከው አራት ጆንያ ጨው ተጭኗል። ከከተማ ወጥተን ዳገቱ ላይ ስንደርስ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጡት። ወደ ሃይላንዱ አየሁ። ናፍጣው ዓይኔ እያየ ይወርዳል፤ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት። ጋሪ ሲያጋጥመን በፍሬን ቀጥ አደረጓት፤ ለመነሳት እንደገና ሲረግጡ ሌላ ግማሽ ጣት ሄደ። ዕድሜዬን ሙሉ ናፍጣ ስገዛ ኖሬ ሞተር ሲጠጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ጭኔ ላይ የያዝኩት ነገር ነፍስ ያለው መሰለኝና ፈራሁት። አሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ሃይላንዱ ሊያልቅ ሲል ቆሙ።

የታንከሩን ቱቦ መልሰው ገጠሙና ወደ ቤት ተመለስን። ጆንያዎቹን አስወረዱ። ፖርቶመጋላውንም ራሱን ፈትተው ከአጥሩ ጋር አስደገፉት። ጎማዎቹን በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው፣ ጎማ ቤት ወስደው አየር አስሞሉ። ይኼማ ማታለል ነው አልኳቸው፤ ሸክሙን ካወረዱትማ ማንም ያውቀዋል።

"ሸክሙን ማን ጫነው?" አሉኝ።

ፖርቶመጋላውን ያሠራሁት በመስከረም ነው። ናፍጣው መጉደል የጀመረውም በመስከረም ነው። እንዲህ ቀላል ነገር እንዴት ሳይታየኝ እንደቀረ እስካሁን ይገርመኛል።

በሁለተኛው ጉዞ ሃይላንዱን እንደ መጀመሪያው ሞልተውና ገጥመው፣ የቀኝ እግራቸውን ጫማ አውልቀው ነዱ። ያንኑ ዳገት ገና ከሩቁ ተንደርድረው፣ ማርሹን ሳያስጮሁ፣ መስጫውን በጣታቸው ብቻ እየነኩ ወጡት። በአንድ ቦታ ያለ ምክንያት እግራቸውን አነሱ። ለምን ብዬ ሳስብ፣ እኔ ያላየሁት ጋሪ ሩቅ መንገዱን እያቋረጠ ነበር፤ እኛ ስንደርስ አልፎ ሄዷል። ፍሬን አልነኩም። ከዚያ ረጅሙ ቁልቁለት መጣ።

"ኢላላ፣ አዴ ሸዋጌጥ። እዪ።"

ማርሹ እንደገባ ነው፤ ባዶ እግራቸው ከመስጫው ላይ ተነሥቷል። መኪናዋ ትከንፋለች። ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ናፍጣ ግን ቆሟል። አዘንብዬው እንደሆነ ብዬ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። አሁንም ቆሟል። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ የፀጉር ውፍረት ያህል አልጎደለም። ይህን የሚያክል ብረት ምንም ሳይጠጣ ሲሮጥ አየሁ። ያ ዋቃ፣ አምላኬ አልኩ። መጀመሪያ የቆምንበት ቦታ ስንደርስ ከሃይላንዱ ሲሶ የሚበልጠው አልተነካም።

ከዚያ ደስታዬ ወደ ሌላ ነገር ዞረ። ተረፋን በየጉዞው አሥር ጊዜ እየደወልኩ የት ደረስክ፣ ቶሎ በል የምለው እኔ ነበርኩ። ጎማውን እናስነፋ ሲለኝ ነገ የምለው እኔ ነበርኩ። የጎደለውን ናፍጣ ማንም አልሰረቀውም፤ እኔ አዘዝኩ፣ ሞተሩ ጠጣ። ኦቦ ጋሩማን በጥር ለምን አልነገሩኝም ብዬ ልቆጣቸው ሞከርኩ።

"የአንቺ ድምፅ አጥር ተሻግሮ እኔ ጋ ይመጣል" አሉ ጫማቸውን እያጠለቁ። "የእኔ ግን አንቺ ጋ አይደርስም።"

በማግስቱ መናኸሪያ ሄድኩ። ተረፋ ከአውቶቡስ ላይ ጆንያ እያወረደ ነበር፤ አምስት ወር ሙሉ ኑሮው ይኸው ነበር። ስሙን ባጠፋሁበት ድምፅ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ናፍጣዬን እንዳልወሰደ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋሁለት። እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ቁልፉን ግን አልተቀበለኝም።

"አዴ ሸዋጌጥ፣ ለእነዚህ አይደለም" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ለሚስቴ ይንገሩልኝ። የናፍጣውን ገንዘብ ቤት አምጥቼ ስላላየች ለሌላ ሴት ነው የምትሰጠው ብላኛለች። አልወሰድኩም ብዬ ብምል ብገዘት አላመነችኝም።"

አንድ ጥዋት ተናድጄ የወረወርኩት ቃል እቤቱ ድረስ ገብቶ ከሚስቱ ጋር እንዳለያየው የዚያን ጊዜ ገባኝ። ቤቱን እንዲያሳየኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁት፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ሄድን።